የቋጠሮ እጆች

«ስድስት» አለች ጭራሮ በሆዷ።

ከሪንጉ አጠገብ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ቆማ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ ትቀርጻለች። በስልኩ ውስጥ አባቷና አንድ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ቦክሰኛ ፊት ለፊት ይዞራሉ። ወጣቱ የግራ ትከሻውን ዝቅ አደረገ፤ ምንም አልሰነዘረም፣ ዝቅ ብቻ። የአባቷ እጆች ግን ማንም ሳያዛቸው ከአገጩ ላይ ወርደው ወገቡ አጠገብ ደረሱ። ተከትሎ የመጣው ቡጢ ከልካይ ሳያገኝ ግንባሩ ላይ አረፈ። ሰባት።

አባቷን ሰዉ ሁሉ የሚያውቀው «ቋጠሮ» በሚለው ስሙ ነው። በቅይጥ ፍልሚያ፣ ማለትም በእጅም በእግርም መማታት፣ መጣልም፣ መሬት ላይ ተንከባልሎ ማነቅም በሚፈቀድበት ስፖርት፣ ሃያ አራት ጊዜ ገብቶ አሥራ ዘጠኙን አሸንፏል። አብዛኞቹን ያሸነፈው ተጋጣሚውን መሬት አውርዶ እጅና እግሩን አንድ ላይ እየጠቀለለ ነው፤ ስሙም የወጣለት በዚሁ ነው። ጭራሮ የሚለውን ስም ደግሞ እሱ ለልጁ አወጣላት። አሥራ አራት ዓመት ሞልቷት እንኳ ሥጋ የሚባል ነገር ሊጠጋት አልቻለም።

አሁን ቋጠሮ ፕሮፌሽናል ቦክስ ሊገባ ነው። ስምንት ዙር፣ ያውም ተሸንፎ ከማያውቅ ቦክሰኛ ጋር፣ ከአምስት ሳምንት በኋላ። በቦክስ ደግሞ የሰው እግር የሚጠልፍ የለም። ይህን ጭንቅላቱ በደንብ ያውቃል፤ የማያውቁት እጆቹ ናቸው። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ፣ ፊቱ የቆመ ሰው ትከሻውን ዝቅ ካደረገ እግሩን አፍሶ ሊጥለው ነው ማለት ነበር፤ እጆቹም ፈጥነው ወርደው መከላከል ነበረባቸው። ያ ልማድ አጥንቱ ድረስ ዘልቆ ገብቷል።

የመጨረሻው ደወል ሲጮህ ጭራሮ አሥራ አንድ ላይ ደርሳ ነበር።

በአባትና በልጅ መካከል አንድ ደንብ አለ። ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ፣ ከልምምድም ሆነ ከግጥሚያ ሲመለሱ፣ አባቷ «ምን አየሽ?» ይላታል። እሷም ያየችውን ሳታሽሞነሙን ትነግረዋለች። ሲደክምህ አፍህን ትከፍታለህ፣ ከመምታትህ በፊት ከንፈርህን ትነክሳለህ፣ ዳኛውን አትገላምጠው። እናቷ በሕይወት ሳለች በሁለቱም ትስቅ ነበር፤ ይቺ ልጅ ስታድግ ወይ ሐኪም ወይ ነገረኛ ትሆናለች ትል ነበር።

ያን ቀንም አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆመው ጠየቃት። ግንባሩ አብጦ ቀልቷል፤ ፊቱ ግን በርቷል።

«ምን አየሽ?»

«ጥሩ ነበርክ» አለች።

«በቃ? ሌላ የለም?»

«ሌላ የለም።»

ይህን መልስ መስጠት ከጀመረች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። እሱም አይጨቀጭቃትም። አውቶቡሱ ውስጥ ገብተው ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ እሱ በመስኮቱ እያየ በጣቶቹ ጉልበቱ ላይ የቡጢውን ቅደም ተከተል ይመታል፣ ግራ ግራ ቀኝ፣ ግራ ግራ ቀኝ። ትከሻቸው ተነካክቷል። ያም ሆኖ ለጭራሮ በመካከላቸው ሌላ ሰው የተቀመጠ ያህል ነበር የራቃት።

እናቷ ከሞተች ሁለት ዓመት አልፏል። አባቷ ከዚያ በኋላ ፍልሚያ የሚባል ነገር እርግፍ አድርጎ ተወ። የቤት ዕቃ የሚያጓጉዝ ድርጅት ውስጥ ተቀጥሮ ፍሪጅና ቁም ሳጥን በጀርባው አራተኛ ፎቅ ሲያወጣ ይውላል፤ ቤት ሲገባ ቴሌቪዥኑን ያለ ድምፅ ከፍቶ ፊቱ ይቀመጣል። ጭራሮ አጠገቡ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ሁለት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ለየብቻቸው መሆን እንደሚችሉ ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ አንድ ቀን አንድ የቦክስ ግጥሚያ አዘጋጅ ደወለ። በማግስቱ አባቷ ጢሙን ሲላጭ አፏጨ። ሁለት ዓመት ያልተሰማ ፉጨት ነው። ዜማው እንኳ የተሳሳተ ነበር፤ እሷ ግን አልጋዋ ላይ ሆና ትራሷን ነክሳ አለቀሰች። ታዲያ አሁን «አባዬ፣ እጅህ ይወርዳል፣ ይመቱሃል» ብላ ያን ፉጨት የምታጠፋ ምን ዓይነት ልጅ ናት? ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ስለዚህ ዝም አለች።

የእሷ ዝምታ ግን ነቀዘ። መጀመሪያ የነቀዘውም ትምህርት ቤት ነው።

ክፍላቸው ውስጥ «ዳኛው» የሚባል ልጅ አለ፤ ማንም ሳይሾመው በክርክሩ ሁሉ መሃል ገብቶ የሚፈርድ። በእረፍት ሰዓት ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ተቀመጠና ችሎት ከፈተ። የቅይጥ ፍልሚያ ሰው ፕሮፌሽናል ቦክስ ይችላል ወይስ አይችልም? ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ እንዴት አይችልም ብላ ተነሳች፤ አራት ቋንቋ የሚችል ሰው በአንዱ ብቻ ተናገር ቢባል ምን ይቸግረዋል? ክፍሉ አጨበጨበላት። ዳኛው ጣቱን አነሳ።

«ከተወለደ ጀምሮ አንዱን ብቻ ሲናገር ከኖረ ሰው ጋር መሰዳደብ ካለበት ይቸግረዋል» አለ።

ሳቁ ሲበርድ ሁሉም ወደ ጭራሮ ዞሩ። ዳኛው በትሕትና እጁን ዘረጋላት፤ ምስክሯ አንቺ ነሽ፣ ቤትሽ ያለው ሰውዬ ነው፣ ተናገሪ አላት። ሠላሳ ጥንድ ዓይን አፍጥጦባታል።

«ያሸንፋል» አለች።

ሆ አሉ። አንዱ ጀርባዋን መታ መታ አደረጋት። ከኋላ የተነሳችው ልጅ ከዛሬ ጀምሮ እኔ ጋ ነው የምትቀመጪው ብላ ደብተሯን ነጥቃ ይዛባት ሄደች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ልጆቹ ምን እንደሚሏት ስለማያውቁ ሲሸሿት ነው የኖሩት፤ አሁን ከበቧት። ግን የከበቧት ውሸት ነግራቸው ስለሆነ መሃላቸው ቆማ ከዚያ በፊት ከነበረው የባሰ ብቸኝነት ተሰማት።

አባቷን በተመለከተ የምታውቀውን ነገር የምታውቀው እሷ ብቻ መስሏት ነበር። ረቡዕ ዕለት፣ ከልምምድ በኋላ አባቷ ሻወር ቤት እንደገባ፣ አሠልጣኙ መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ። ስድሳ ያለፋቸው አጭር ሰው ናቸው፤ ነገሩን ሁሉ «አንድ ደቂቃ» ብለው ስለሚጀምሩ ሠልጣኙ ጋሽ ደቂቃ ይላቸዋል።

«አንድ ደቂቃ» አሏት። «ዛሬ ስንት ቆጠርሽ?»

ጭራሮ ደነገጠች። «ምኑን?»

«ስትቆጥሪ ከንፈርሽ ይንቀሳቀሳል እኮ፣ ልጄ።»

«ዘጠኝ» አለች በመጨረሻ።

«እኔ አሥር ነው ያልኩት። አንዱ ስልክሽን ስታስተካክዪ አምልጦሽ ይሆናል።»

ነግረውት እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ሃያ ጊዜ ነግሬዋለሁ አሉ። ይሰማል፣ እሺ ይላል፣ የተንጠለጠለውን ከረጢት ሲመታም እጁ ከአገጩ ንቅንቅ አይልም። ሲደክመውና ሰው ፊቱ ሲቆም ግን የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ነው። ደግሞም ቦክሰኛ ሁሉ ቅይጥ ፍልሚያን የሚንቅ ስለሚመስለው፣ ጋሽ ደቂቃ ምክር ሲሰጡት እሱ የሚሰማው ስድብ ነው።

«ታዲያ ቦክስ አይችልም ማለት ነው?»

«ማን አለ? ይችላል። በሠላሳ አራት ዓመቱ እንዲህ ያለ ትንፋሽ ያለው ሰው አይቼ አላውቅም። አንድ ዓመት ቢሰጠኝ ይችላል። በአምስት ሳምንት ግን፣ ከዚያ ተሸንፎ ከማያውቅ ልጅ ጋር፣ ስምንት ዙር…» ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ጭንቅላት ላይ የሚያርፍ ቡጢ ጉዳቱ ለአንድ ቀን ብቻ አይደለም። ቅዳሜ ጠዋት ውሉን ይፈርማል። ከፈረመ ወዲያ መመለስ የለም።»

ጭራሮ «አንቺ ንገሪው» እንዲሏት ጠበቀች። ቢሏት ኖሮ ጋሽ ደቂቃ ናቸው ያዘዙኝ ማለት ትችል ነበር። እሳቸው ግን ጉልበታቸውን ተደግፈው ተነሡና መሬት የተጣሉትን ጓንቶች መሰብሰብ ጀመሩ። ተናደደችባቸው። ትልልቅ ሰዎች ከባዱን ነገር ልጅ ፊት አስቀምጠው ዞር ማለት ያውቁበታል።

ሐሙስ ጠዋት ወጥ ቤት ውስጥ ጠበቀችው። ከሩጫ ሲመለስ ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። እያፏጨ መጥበሻውን ምድጃው ላይ ጣደ፣ ሦስት እንቁላል ሰበረ። ጭራሮ መጀመሪያ ቪዲዮውን ላሳየው ብላ አስባ ነበር፤ ግን ቪዲዮዎቹን ሁሉ አይቷቸዋል። የሚያየው የመታውን እንጂ የተመታውን አይደለም።

«አባዬ፣ እስቲ ወደ እኔ ዙር» አለችው። «እጅህን አገጭህ ላይ አድርግ።»

ዞረ። ለጨዋታው ብሎ የመጥበሻውን ማንኪያ እንደያዘ እጆቹን አነሳ። ጭራሮ ፊቱ ቆመችና የግራ ትከሻዋን ዝቅ አደረገች። የአባቷ እጆች ከነማንኪያው ወገቡ ጋ ወረዱ። ጣቷን ዘርግታ አፍንጫውን ነካችው።

ሳቀ። «አንቺ ሌባ፣ ድገሚው እስቲ።»

ደገመችው። አሁን ስለጠበቃት እጆቹ አልወረዱም፤ አየሽ በሚል ቅንድቡን ሰቀለላት። ጭራሮ ዳቦ እንዳለቀ ነገረችው፣ ከሥራ ሲመለስ ይገዛ እንደሆነም ጠየቀችው። ስንት ልግዛ ሊላት አፉን ሲከፍት ትከሻዋን ዝቅ አደረገች። እጆቹ ወረዱ። አፍንጫውን ነካችው። በአራተኛው ሳቁ ቀጠነ። በአምስተኛው ጨርሶ አልሳቀም። መጥበሻው ላይ የእንቁላሉ ጠርዝ መጥቆር ጀምሯል።

አባቷ ሁለት እጆቹን ፊቱ ዘርግቶ የሰው ዕቃ ይመስል አገላብጦ አያቸው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያየሽው?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ጥሩ ነበርክ ስትዪኝ?»

ጭራሮ አንገቷን ደፋች።

«ታፏጭ ነበራ፣ አባዬ» አለች።

አባቷ ምድጃውን አጠፋ። ማንኪያውን የዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ቀስ ብሎ አስቀመጠ፤ ቢወረውረው ይሻላት ነበር። ልብሱን ቀይሮ ሳይበላ ወደ ሥራው ሄደ። እሷም እንቁላሉን ቆማ ብቻዋን በላችው። አሮ ነበር፤ መድፋት ግን አንጀቷ አልቻለም።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመለስ ነገር አልነበረም። አባቷ ከሥራ ሲመጣ ዳቦውን ገዝቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ደክሞኛል ብሎ ተኛ። ዓርብ ጠዋት ሳያፏጭ ተላጨ። ምላጩ ቆዳው ላይ ሲሄድ የሚያሰማው ድምፅ ግድግዳውን አልፎ ይሰማታል። በሁለት ቀን ውስጥ የተናገራት ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ በሩን ቆልፊ፣ ጃንጥላ ያዢ፣ ለእራት አትጠብቂኝ።

ትምህርት ቤት አዲሷ የወንበር ጓደኛዋ ቋጠሮ እንዲፈርምላት ብላ አንድ ደብተር አመጣች፤ ሽፋኑን ሳይቀር በላስቲክ ለብዳዋለች። ጭራሮ ደብተሩን ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። አይሆንም ማለትም እሺ ማለትም አቃታት። ቤት ስትደርስ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፣ ከዚያ አነሳችው፣ መሳቢያ ውስጥ ደበቀችው።

ቋጠሮ እልኸኛ ነው። ለእሷ ለማሳየት ብቻ ሊፈርም ይችላል። ፈርሞ ገብቶ፣ በስድስተኛው ዙር ሲደክመው፣ ተጋጣሚው ትከሻውን ዝቅ ቢያደርግበትስ? ባይፈርም ደግሞ ያ ድምፅ አልባ ቴሌቪዥን አለ። በዚህም ሄደች በዚያ ጥፋቱ የእሷ መሰላት። እናቷ ብትኖር ምን ትል እንደነበር ልታስብ ሞከረች። ድምፅዋ አልመጣላትም፤ ይህም ለብቻው አስለቀሳት።

ቅዳሜ ስትነሳ ቤቱ ባዶ ነው። ሁልጊዜ «ተነሽ፣ ጋዜጠኛ» እያለ ብርድ ልብሷን የሚገፋት ሰው ዛሬ ሳይቀሰቅሳት ሄዷል። እንድትመጣ አልፈለገም ማለት ነው። ጭራሮ ጫማዋን አሰረች፣ ፈታች፣ ደግማ አሰረች። ከዚያ ወጣች።

ማሠልጠኛው በር ላይ ስትደርስ የግጥሚያ አዘጋጁ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ሲወጣ ተገጣጠሙ። የውሉን ወረቀት ጠቅልሎ በብብቱ ይዞታል።

«አልፈረመም» ይላል በስልኩ። «ከዓመት በኋላ ተመለስ ነው የሚለኝ። እኔ ችግኝ ተካይ ነኝ እንዴ ዓመት የምጠብቀው? ፈራ በላቸው በቃ፣ ሌላ ሰው ፈልጉ።»

ጭራሮ ግድግዳውን ተደገፈች። እፎይ አለች። አባቷ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ የተመኘው ነገር አንድ ነበር፤ እሱንም አስጥላዋለች። አሁን የት ሄዶ፣ ምን ላይ ተቀምጦ ይሆን ብላ በሩን ገፋ አድርጋ አየች።

ቆሞ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት የጀማሪዎች ሰዓት ነው፤ ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ያሉ ልጆች በሁለት ረድፍ ተሰልፈዋል። በአንደኛው ረድፍ መጨረሻ፣ ከሁሉም በሁለት ጭንቅላት ረዝሞ፣ ሃያ አራት ጊዜ የተፋለመው ቋጠሮ ተሰልፏል። ከልጆቹ መሃል የክፍሏ ልጅ ዳኛውም አለ፤ መፍረዱን ረስቶ አፉን ከፍቶ ያያል።

ጋሽ ደቂቃ ጀማሪን ወር ሙሉ አንድ ቡጢ አያስሰነዝሩም። የሚያስተምሩት ምንም አለማድረግን ነው። ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ አንዱ በትከሻው፣ በጭንቅላቱ፣ በዓይኑ ያታልላል፤ ሌላው እጆቹን ጉንጮቹ ላይ አድርጎ ዝም ብሎ ይቆማል። እጁ የተንቀሳቀሰበት ግድግዳ ነክቶ ተመልሶ እንደገና ይጀምራል። ይኸው ነው፣ አንድ ሰዓት ሙሉ። አብዛኛው ልጅ በሁለተኛው ሳምንት ሰልችቶት ይቀራል።

ጥንድ ጥንድ ሁኑ አሏቸው። ልጆቹ እየተሻሙ ተጣመሩ። ቋጠሮን የመረጠ የለም። ግማሾቹ ፈሩት፤ ግማሾቹ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ይንከተከታሉ። ቁጥራቸውም ጎዶሎ ነበር። ጋሽ ደቂቃ ከእኔ ጋር ና አላሉትም፤ ሰዓታቸውን ያያሉ። አባቷ እጆቹን ጉንጮቹ ላይ አድርጎ ባዶ ቦታ ፊት ለፊት ቆመ። ጭራሮ እንዲህ ብቻውን ሆኖ አይታው አታውቅም። በእናቷ ቀብር ዕለት እንኳ እሷ እጁን ይዛው ነበር።

እስካሁን አላያትም። ዞራ ብትሄድ መምጣቷን አያውቅም። ከገባች ግን ሰኞ ክፍሉ ሌላ ወሬ አይኖረውም፤ ያሸንፋል ያለችው ልጅና ፈራ የተባለው አባቷ ከጀማሪ ጋር ተሰልፈው ሲታዩ። ዳኛው ቀድሞ አይቷታል። አጠገቡ ያለውን ልጅ በክርኑ ጎሸም አደረገው።

ጭራሮ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ቦርሳዋን አግዳሚው ወንበር ላይ አስቀመጠችና በሁለቱ ረድፍ መሃል አልፋ ሄዳ አባቷ ፊት ቆመች።

ቁልቁል አያት። ከሐሙስ ወዲህ ዓይኗን ሲያያት የመጀመሪያው ነው። እጆቹን ግን ከጉንጮቹ ላይ አላነሳም።

«ሰኞ ይስቁብሻል» አላት በቀስታ።

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው እንዳትራሪልኝ።»

ጭራሮ እጆቿን አነሳች፣ ትንፋሿን ሳበች፣ የግራ ትከሻዋንም ዝቅ አደረገች።